ዝናብ የለም፣ ቴሌቪዥን ጠፍቷል፤ ልጄ ግን ጆሮውን ይዞ ይጮኻል

እናት ከጀሞ
ሐምሌ 3፣ ማታ 4፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን ሦስት ዓመት አለፈን። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። “ውኃ”፣ “እምቢ”፣ “ውጪ” ይላል። ሌላውን እጄን ጎትቶ ነው የሚያሳየኝ።

ቤት ከቀየርን ሁለት ወር ሆነን። አዲሱ ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ዝናብ ሲጥል ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጆሮውን ይይዛል። እሱስ ይገባኛል። በረዶ ሲጥል እኔና ባለቤቴም መደማመጥ አንችልም።

ያልገባኝ ሌላው ነው። ዝናብ በሌለበት፣ ቴሌቪዥን በጠፋበት፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ድንገት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። እንዳይጎዳ ብዬ ሳቅፈው ይብስበታል። ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ ይቆይና ያልፍለታል።

ምግብም አስቸግሮኛል። ከእንጀራ ላይ ደረቅ ያለውን ጠርዙን ብቻ ቆርሶ ይበላል። መሀሉን አይነካም። ቂጣ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ድንች ጥብስ፣ በቃ። ባለፈው እሑድ አማቴ መጥተው ጉርሻ ሰጡት። አፉ ውስጥ እንደገባ አስመለሰው። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እሳቸውም ከፋቸው። “ልጅ እንዲህ አይለቀቅም” አሉኝ። ማታ ስንተኛ ነው ያለቀስኩት። እውነት ጥፋቱ የኔ ነው?

---

የሰፈሯ ልጅ
ሐምሌ 3፣ ማታ 4፡41

የኔ እህት አይዞሽ። ጥፋት የለብሽም። እኔም የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ፀጉሯን ማበጠር ለሁለታችንም ጦርነት ነው። መልስ የሚሰጡሽን አብሬሽ እከታተላለሁ።

---

ቴራፒስት ከሐዋሳ
ሐምሌ 4፣ ጠዋት 1፡15

እህቴ፣ እኔ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። ልጆች መብላት፣ መልበስ፣ መጫወት የመሰለውን የዕለት ሥራ እንዲችሉ እረዳለሁ። አንድ ነገር ላስቀድም። ሐኪም ጆሮውን፣ ጥርሱንና ሆዱን ይይለት። “አሞኛል” ማለት የማይችል ልጅ የጆሮ ኢንፌክሽን ይዞት፣ ጥርሱ ተቦርቡሮ ወይም ሆዱ ደርቆ ሊጮኽ ይችላል። “ኦቲዝሙ ነው” እየተባለ ሕመሙ ሳይታይ የከረመ ልጅ በሥራዬ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ከዚያ ወደ ጥያቄሽ። አማትሽ ያዩት ልጅ ባለጌ ልጅ አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ሰው አንጎል ከጆሮ፣ ከቆዳ፣ ከምላስ፣ ከዓይን የሚመጣለትን መልእክት የሚቀበለው በሌላ መጠን ነው። አንዱን አብዝቶ፣ አንዱን አሳንሶ። ይሄ ድሮ እንደ ተጨማሪ ነገር ነበር የሚታየው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ግን ኦቲዝም ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ሆኖ ገብቷል።

ትምህርት ቤት አምስት የስሜት ሕዋሳት ብለው ነው ያስተማሩን። ሌሎችም አሉ። አንዱ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ነው። ሌላው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ እጅሽ የት እንዳለ የምታውቂው በሱ ነው። ደግሞ ከውስጥ የሚመጣ አለ፤ ረሃብ፣ ጥም፣ ሽንት፣ የልብ ምት። ሽንቱ እስኪያመልጠው የማይሰማው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ መልእክቱ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ስትነኪው የሚብስበትም ለዚህ ይመስለኛል። ጆሮው በድምፅ ሲሞላበት የሰው እጅ ሌላ ጭነት ነው። በዚያ ሰዓት ትራስ ወይም የተጣጠፈ ጋቢ በጭንቅላቱና በግድግዳው መሀል አድርጊ። መብራት ቀንሺ። አታውሪው። አጠገቡ ቁጭ በይ፣ ግን አትያዥው። ልጅ ሲቀብጥ እያየሽው እንደሆነ በጎን ያይሻል፤ የፈለገውን ስትሰጪው ዝም ይላል። ይሄኛው ግን ምንም ብትሰጪው አያቆምም። የሚያቆመው የጨነቀው ነገር ሲወርድለት ነው።

እስከዚያው አንድ ደብተር ያዢ። ሰዓቱን፣ የትኛው ክፍል እንደነበረ፣ ከመጮኹ በፊት ምን እንደተከፈተ፣ ምን እንደሸተተ፣ ማን እንደገባ ጻፊ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ብዙ ነገር ያሳይሻል።

---

ታላቅ ወንድም
ሐምሌ 4፣ ጠዋት 4፡02

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን የማልስማማበት አለ። ልጅ በፈለገው ልክ ከሆነለት ነገ ዓለም እንዲህ አትመቻችለትም። ታክሲ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። እኛም ስናድግ ያልወደድነውን በልተን፣ የሚበላንን ሹራብ ለብሰን ነው ያደግነው። ለምደነዋል። ማለማመድ ነው የሚሻለው እላለሁ። በክፋት አይደለም።

---

ዝምታ 27
ሐምሌ 4፣ ከሰዓት 9፡30

ወንድሜ፣ በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። እኔ ራሴ ኦቲስቲክ ነኝ። 27 ዓመቴ ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የታወቀልኝ በ24 ዓመቴ ነው። “ለመደ” የተባለው ልጅ እኔ ነኝ። ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

አንተ ቤትህ ገብተህ አምስት ደቂቃ ስትቆይ የፍሪጁ ድምፅ ይጠፋልሃል። ድምፁ አለ፤ አንጎልህ ነው የተወው። ለኔ አይጠፋም። በአምስተኛው ደቂቃም፣ በሁለተኛው ሰዓትም እንደ መጀመሪያው ሰከንድ አዲስ ነው። ቢሮ ውስጥ ከራሴ በላይ ያለው ፍሎረሰንት ይርገበገባል፣ ደግሞ ይዘምራል። ሌላ ሰው አይሰማውም። አንገቴ ላይ ያለች የሸሚዝ ምልክት ቀኑን ሙሉ ትወጋኛለች። አዲስ ልብስ ስገዛ መጀመሪያ የማነሳው መቀስ ነው።

ታክሲ ውስጥ የረዳቱ ጥሪ፣ የበሩ ምት፣ ሬዲዮው፣ የማላውቀው ሰው ክንድ ክንዴ ላይ፣ ሽቶ፣ ናፍጣ፤ ሁሉም እኩል ይገባል። አንዱን ትቼ ሌላውን መስማት አልችልም። ደመወዝ በገባ ሳምንት የሁለት ሰው ከፍዬ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ቤት ስደርስ መናገር ያቅተኛል። እናቴ ሲጨንቃት “አኩርፈሃል?” ትለኛለች። አላኮረፍኩም። አልቋል ያለኝ።

ልጅ ሆኜ ሹራቡን ለበስኩት። ሳልለምደው ነው የለበስኩት፤ የለመድኩት ዝም ማለትን ነው። አስተማሪዎቼ “ጨዋ” ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን አንገቴ እየነደደ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አላየውም ነበር። ሒሳብ የወደቅኩበት ዓመት ያ ነው፤ ዛሬ የምበላው በሒሳብ ነው።

እናት ከጀሞ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። “ቤቱ ጭር ባለበት” ብለሻል። ለአንቺ ነው ጭር ያለው። እሱ በሚጮኽበት ክፍል ውስጥ ሶኬት ላይ የተሰካ ምን አለ? ፍሪጅ? ቻርጀር? ስታብላይዘር?

---

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሐምሌ 4፣ ማታ 5፡10

እኔ ደግሞ የተቃራኒውን ልንገራችሁ። ሰው ኦቲዝም ሲባል ጆሮ መያዝ ብቻ ይመስለዋል። የኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ ያንስባታል እንጂ አይበዛባትም። አራት ዓመቷ ላይ እናቷ ልብስ እየተኮሰች ስልክ ልታነሳ ዞር አለች። ልጄ መዳፏን ካውያው ላይ አሳርፋ ቆመች። አልጮኸችም። እኛ ያወቅነው ሽታው ሲመጣ ነው። ያንን ሽታ አልረሳውም። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ከሰል፣ ጀበና፣ ምጣድ ከእጇ አርቁ። “ካመማት ትጮኻለች” ብላችሁ አትመኑ። ወድቃም ከሆነ ገላዋን ራሳችሁ ፈትሹ።

ቀኑን ሙሉ ትዘላለች፣ ግድግዳ ትገፋለች፣ ሶፋው ሥር ትጨመቃለች። ዕረፍት የሌላት ይመስለን ነበር። ሰውነቷን እየፈለገችው ነው ብለው ያስረዱን የትምህርት ቤቷ ቴራፒስት ናቸው። (እዚህ አሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለሚያስፈልገው ልጅ ይሄን አገልግሎት በነፃ የመስጠት የሕግ ግዴታ አለበት። አዲስ የመጣችሁ ወላጆች በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተጠየቀ ይረሳል።) ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ከባድ ሥራ እንሰጣታለን። የውኃ ጄሪካን ከጓዳ ወደ በረንዳ ትሸከማለች፣ ሊጥ ታሻለች፣ ግድግዳውን አሥር ጊዜ ትገፋለች። ከዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

ማታ ደግሞ ቡሉኮ። እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችው፣ ያ ከባዱ። እዚህ በመቶ ዶላር ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ይሸጣሉ፤ የኛ ቡሉኮ ሥራውን ይሠራል። እውነቱን ለመናገር እንግሊዝ አገር በልጆች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከባድ ብርድ ልብስ እንቅልፍን እንዳላረዘመ ነው ያገኘው። ልጆቹና ወላጆቹ ግን ከተራው ይልቅ ወደውታል። የኔም ልጅ ቶሎ አትተኛም፤ ግን ተረጋግታ ነው የምትጋደመው። ለኔ ይበቃኛል። ራሷ ገፍታ ማንሳት የማትችለውን አታልብሱ፣ ፊቷን አትሸፍኑ፣ ለሕፃን በፍጹም።

ቴምፕል ግራንዲን የምትባለዋን ኦቲስቲክ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር የምታውቋት ትኖራላችሁ። ወጣት ሳለች አክስቷ እርሻ ላይ ከብት ክትባት ሲወጋ በጎንና በጎን የሚይዘውን ማቀፊያ አየች። ላሞቹ ሲጨመቁ ይረጋጋሉ። ለራሷ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠራች። የሰው እቅፍ ይከብዳት ነበር፤ መጠኑን ራሷ የምትቆጣጠረው ጭምቂያ ግን አረጋጋት። “ሳቅፈው ይብስበታል” ያልሽውን ሳነብ እሷ ትዝ አለችኝ። መታቀፉን አይጠላ ይሆናል። መቼና ምን ያህል የሚለውን ግን እሱ ይወስን።

---

አያት
ሐምሌ 5፣ ጠዋት 3፡00

ልጆቼ፣ እኔ የ68 ዓመት ሰው ነኝ። የልጅ ልጄ ኦቲዝም አለበት። መጀመሪያ ጊዜ ይዘነው ያልሄድንበት የለም። ሰው ያልተናገረን ነገር የለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚሠራውን ኒያ ፋውንዴሽንን ባታቋቁም ኖሮ በአገራችን የኦቲዝምን ስም የሚጠራ ሰው ብዙም አልነበረም። እሷም የራሷ ልጅ ነው ያነሳሳት።

ቤተ ክርስቲያን መውሰድ ከብዶን ነበር። ድምፅ ማጉያው ገና ከሩቅ ሲሰማው መሬት ላይ ይተኛል። እኔም አፍሬ ለአንድ ዓመት ተውኩት። በኋላ በአዘቦት ቀን፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ግቢው ጭር ሲል ወሰድኩት። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አንድ ዲያቆን ከበሮ ሊያስገባ ይዞ ሲያልፍ ልጁ ተነስቶ ሄደና መዳፉን ከበሮው ላይ ለጠፈ። ዲያቆኑ ገባውና ቀስ አድርጎ መታለት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። በጆሮው የማይችለውን በመዳፉ ሰማው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ እንሄዳለን።

---

እናት ከጀሞ
ሐምሌ 11፣ ማታ 5፡35

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ፣ የእርስዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

ሐኪም ወሰድኩት፤ ጆሮውም ጥርሱም ደህና ነው። ደብተሩንም ያዝኩ። በስድስት ቀን አምስት ጊዜ ጮኸ። አምስቱም ሳሎን ውስጥ፣ አምስቱም ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ። መኝታ ቤት ሆኖ የጮኸበት አንድም ቀን የለም።

ዝምታ 27፣ ስታብላይዘር ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ፍሪጁ አለ፣ ከሱ ሥር ስታብላይዘሩ። አሮጌ ነው፣ ከድሮው ቤት ይዘነው የመጣን። ያኔ ጓዳ ውስጥ ነበር። ትናንት ማታ ልጄ ጆሮውን ሲይዝ ተንበርክኬ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ። እዝዝዝ ይላል፣ ቀጭን ነገር። ከዚያ ቋ! ይልና ድምፁ ይለወጣል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቋ! የቮልቴጅ ቁጥሯ ከ170 ወደ 185 ትወጣለች፣ ደግሞ ወደ 165 ትወርዳለች። ያ ሰዓት ግቢው ሁሉ ምጣድ የሚጥድበት ሰዓት ነው። መብራቱ ኃይሉ ይወርዳል፣ ስታብላይዘሩ ሊያስተካክል ይታገላል። ምጣዱ ሲነሳ ዝም ይላል። ልጄም ያን ጊዜ ነው ዝም የሚለው።

ሶኬቱን ነቀልኩት። ልጄን አየሁት። እጁ ጆሮው ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንዱን እጅ አወረደ። ከዚያ ሌላውን። መጥቶ ስታብላይዘሩን በጣቱ ነካ፣ እኔን አየኝ፣ “እምቢ” አለ። ሁለት ወር ሙሉ እየነገረኝ ነበር።

ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ፍሪጁንም እሱንም ወደ ጓዳ ወስዶ በር ዘጋበት። ዛሬ ማታ አልጮኸም። ነገን አላውቅም፤ ዛሬ ግን አልጮኸም።

---

ዝምታ 27
ሐምሌ 11፣ ማታ 5፡50

አንብቤ አለቀስኩ። ተንበርክከሽ ጆሮሽን ብረቱ ላይ ማድረግሽ። ለኔ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው አልነበረም።

---

ታላቅ ወንድም
ሐምሌ 12፣ ጠዋት 2፡25

አነበብኩት። ስለ ሹራቡ የተጻፈውንም ደግሜ አነበብኩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የጻፍኩት የእህቴን ልጅ እያሰብኩ ነበር። ስምንት ዓመቱ ነው። ፀጉር ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። ቶንዶሱ ሲነሳ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፣ እኔ አንዱ ነኝ። ሌላ መንገድ አለ?

---

ቴራፒስት ከሐዋሳ
ሐምሌ 12፣ ከሰዓት 8፡10

ወንድሜ፣ አለ። ማለማመድ ያልከውም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ልዩነቱ ማቆሚያው በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። ስትይዘው የሚማረው ፀጉር ቤት የሚያዝበት ቦታ መሆኑን ነው።

የጠፋ ቶንዶስ ቤት ውስጥ ይጫወትበት። ሌላ ቀን አብራው፣ ግን ክፍሉ ማዶ ሆነህ፤ ማጥፊያውን እሱ ይጫን። ሌላ ቀን ንዝረቱን ክንዱ ላይ። “በቃ” ሲል፣ ወይም እጁን ሲያነሳ፣ በቃ ነው። አንድ ጊዜ ካጭበረበርከው ከዜሮ ትጀምራለህ። ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው በመቀስ ቁረጡት፣ ቤት ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠበቅ አድርጋችሁ። የሚወርደው ቁራጭ ፀጉር ራሱ ለብዙ ልጆች ከቶንዶሱ ይብሳል። ቁጥር ቁጠርለት፤ “እስከ አሥር፣ ከዚያ ዕረፍት”። ማለቂያውን ያወቀ ልጅ ይታገሣል። ቀስ ብሎ መዳሰስም ለሁሉም አይመችም፤ ላላ ያለ ንክኪ የሚያቃጥለው ልጅ ጠንከር ብሎ ራሱን ጫን ሲሉት ይረጋጋል።

የጆሮ መከላከያ ማዳመጫም ጥሩ ነው፣ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት ጭምር። ቀኑን ሙሉ ግን አይዋል። ጆሮ ዝምታን ብቻ ከለመደ ትንሹም ድምፅ ይከብደዋል። ለታክሲ፣ ለሠርግ፣ ለበረዶ ይቀመጥ።

እናት ከጀሞ፣ የምግቡን ነገር አልረሳሁም። የእንጀራው መሀል ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ዓይኑ የበዛ ነው፤ ወጥ ሲነካው ደግሞ ይለወጣል። እያንዳንዱ ጉርሻ ከሌላው ይለያል። ጠርዙ ግን ሁሌ ያው ነው። ልጅሽ የሚበላቸውን ዘርዝረሽ እይያቸው፤ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ያው። ስለዚህ ከሱ ጀምሪ። እንጀራውን ድርቆሽ አድርጊለት። ሽሮውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አጠገቡ አስቀምጪ፣ ብላ አትበዪው። ማሽተትም፣ በጣት መንካትም አንድ እርምጃ ነው። የሚበላቸው እያነሱ ከሄዱ ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ግን ሐኪም ይየው።

---

የሰፈሯ ልጅ
ሐምሌ 12፣ ማታ 3፡05

ስለ ጉርሻ አንድ ሐሳብ ልጨምር። የኛም ቤት ተመሳሳይ ነበር። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ “አትስጡት” ስትያቸው አማትሽ ፍቅሬን መለሱት ነው የሚሉት። እኛ ገለበጥነው። ልጄ ናት አያቷን የምታጎርሰው። ምን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚገባ እሷ ታውቀዋለች፣ ደግሞ የሚገባው ወደሷ አፍ አይደለም። አያቷ ከዚያ ወዲህ ቅር ብሏቸው አያውቅም።

---

እናት ከጀሞ
ሐምሌ 19፣ ማታ 3፡48

አማቴ ዛሬ መጥተው ነበር። ስታብላይዘሩን ጓዳ ወስጄ አሳየኋቸው፣ ጆሯቸውንም አስጠጉ። “ይሄ ነው?” አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ምሳ ላይ ልጄ ቂጣውን ይዞ ነበር። እጁን ይዤ ወደሳቸው አመለከትኩት። መጀመሪያ ጎትቶ ወሰደው። ከዚያ ቆረሰ፣ አየው፣ ደረቁን ጎን ለራሱ አስቀረ። የተረፈውን አፋቸው ላይ አድርጎ በመዳፉ ገፋ ገፋ አደረገው። ጥርስ የላቸውም። እስኪያልቅ በምራቃቸው እያራሱ በሉት፣ እንባቸው እየወረደ።

በሰባት ቀን የጮኸው አንድ ቀን ነው፤ ማክሰኞ፣ በረዶ የጣለ ለት። ከጠረጴዛው ሥር ቡሉኮ አስገባሁለት፣ ራሱ ጎትቶ ተጠቀለለበት። አሁን የቀረን ጣሪያው ነው። ኮርኒስ ለማሠራት አከራያችን ፈቅደዋል። አቡጀዲ ይሻላል ወይስ ሌላ ነገር? ድምፁን የሚቀንሰው የቱ ነው? የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ታላቅ ወንድም
ሐምሌ 19፣ ማታ 4፡15

እኔ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። አቡጀዲ ብቻውን ድምፅ አያቆምም። ቺፕውድ ይሁን፣ ከላዩ ደግሞ በቆርቆሮውና በሱ መሀል ስፖንጅ ወይም ያረጀ ፍራሽ ተበትኖ ይነጠፍ። የመብራት ገመዱ ግን እንዳይነካው መጀመሪያ በቱቦ ይግባ። ጀሞ የትኛው ጋ ነሽ? ቅዳሜ መጥቼ ልለካልሽ እችላለሁ። ምስማሩን የምንመታው ልጁ ሳይኖር ይሁን፤ ወይም እሱ በሚለን ሰዓት።